አርባ ሦስተኛው ሞተር

ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት እልፍ እንዳለ፣ የጋራዡ ባለቤት ፖሊስ ጣቢያ ደወለ። «ጉድጓዴ ውስጥ ሰው ወድቋል። አይተነፍስም» አለ። ከዚያ አድራሻውን ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ስልኩን ያነሳው ፖሊስ ጽፎ እስኪጨርስም ጠበቀው።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ መካኒኩ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ስድሳን የተሻገረ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መንገድ ለቀቀላቸው።

ጋራዡ ረጅምና ጠባብ ነው። መሃሉ ላይ መኪና ከሥር የሚታይበት፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ አለ። መሸፈኛ ሳንቃዎቹ ተነስተው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ሟቹ ጉድጓዱ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፤ ግራጫ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ ነው። ጥፍሮቹ ውስጥ አፈር ገብቷል።

«ማን ነው?» አለች።

«ሰፈሩ ‹አይገዜ› ይለዋል።»

«አይገዜ?»

«አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይሄዳል። ያያል፣ ይነካካል፣ የምርመራ ታሪኩን አምጡ ይላል፣ በደብተሩ ይገለብጣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲል ኖሮ አንድም ቀን አልገዛም። ጡረታ የወጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቁጥር መጻፍ ነፍሱ ነው። ሚስቱ ታማ ነው የሞተችበት፤ ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«ጎበዝ ነጂ ነበር?»

መካኒኩ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ብስክሌት እንኳ አይችልም።»

ሐኪሙ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጉልበቱን እያራገፈ ኢንስፔክተሯን ወደ ጥግ ወሰዳት።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የወደቀው፤ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ በይው። ዳሌው ተሰብሯል፣ ጭንቅላቱን የጉድጓዱ ጠርዝ መትቶታል። ደረቱ ላይ የመገፋት ሰንበር አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወዲያው አልሞተም። ሁለት ሰዓት ቆይቷል፣ ቢበዛ ሦስት።»

«ቢደረስለት?»

«ይተርፍ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ጥፍሮቹን ድጋሚ አየቻቸው። እሁድ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተኝቶ ውሏል። አንድ ሰው ጠፋብኝ ብሎ ጣቢያ አልመጣም።

በመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ በመፍቻዎቹና በዘይት ቆርቆሮዎቹ መካከል፣ የማንበቢያ መነጽር ታጥፎ ተቀምጧል። የሟቹ ነው አለ መካኒኩ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ ደብተር፣ እርሳስና አንድ ቁልፍ ተገኘ።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«የዚህ ጋራዥ። ሁለት ነው ያለው፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ መቀመጥ ይወዳል። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ዘግቼ ወጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ጓጉንቸሩ ክፍት ተንጠልጥሎ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት።»

«ከስምንት ሰዓት በኋላ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም። ብቻውን የሚኖር ሰው ምስክር ከየት ያመጣል፣ እህቴ?»

ይቺ ቃል ደረቷ ውስጥ ገባች። እሷም ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ነበረች፣ ከማንም ጋር። እናቷ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗል፤ እስከ ዛሬ በሩን ስትከፍት «እማዬ፣ መጣሁ» ማለት አልተዋትም። አንድ ሰው የት ነበርሽ ቢላት የምትመልሰው ይህንኑ የመካኒኩን መልስ ነው። በማስታወሻዋ ላይ «ቤቱ፣ ብቻውን» ብላ ጻፈችና አለፈች።

*

ከጋራዡ ፊት ለፊት የምትሠራው ልብስ ሰፊ ጥያቄ እስኪቀርብላት አልጠበቀችም። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ መርፌውን ሰክታ፣ ወንበር ሳበችላቸው።

«ደላላውን ያዙት። ያ ‹ፈጣኑ› የሚሉትን፣ እዚች ጥግ አሮጌ ሞተር የሚሸጠውን። ዓርብ ዕለት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ‹እጄ ላይ ትሞታለህ!› አለው።»

«ለምን?»

«ያን አረንጓዴውን አሮጌ ሞተር ሊገዛ የመጣ ሰው ነበር። አይገዜ ደግሞ ወረቀት ይዞ መጣና ‹ወንድሜ፣ ይሄ ቆጣሪ ወደ ኋላ ሄዷል› አለው ለሰውየው። እንዲህ በለሆሳስ፣ ክፋት የለውም እኮ። ገዢው ውልቅ አለ። ፈጣኑ እንደ እብድ አደረገው።»

«ቅዳሜስ ምን አየሽ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት ሠርግ ቤት ነበርኩ። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ሳላይ ልቅር?»

ኢንስፔክተሯ ደብተሩን በመንገድ ላይ ገለጠችው። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፤ በየገጹ አንድ ሞተር ብስክሌት ተመዝግቧል፤ ሰሌዳው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ከዚያ ዓመት በዓመት የቴክኒክ ምርመራው ውጤትና ኪሎ ሜትሩ። እስከ አርባ ሁለት ይሄዳል። አርባ ሦስተኛው ገጽ ተገንጥሏል።

«ደላላው ነዋ!» አለ ሳጅኑ። «ማስረጃውን ገንጥሎ ወሰደ።»

ቀጥታ ወደ ተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። መስኮት ቁጥር አራት ላይ የተቀመጠችው መዝገብ ያዥ ሹራብ የደረበች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ መታወቂያዋን አሳይታ በደላላው ጥግ ከቆመው አረንጓዴ ሞተር ላይ የገለበጠችውን ሰሌዳ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋም ምንም ሳትጠይቅ ከኮምፒውተር አንድ ገጽ አትማ አቀበለቻት። የአሥር ዓመት ታሪክ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስድሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ሺህ።

«እንደ ሰው ዕድሜውን መቀነስ ጀመረ» አለ ሳጅኑ።

*

ፈጣኑ ስሙን የሚያስመሰክር ሰው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል።

«ቆጣሪውን ነክቻለሁ፣ አልክድም፣ ሁሉም ይነካል፣ ግን ሰው አልነካሁም! ‹እጄ ላይ ትሞታለህ› ማለት እኮ አነጋገር ነው፤ ለባለቤቴም እላታለሁ!»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሆስፒታል! ባለቤቴ ምጥ ላይ! ከስድስት ሰዓት እስከ እሁድ ንጋት ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ሴት ልጅ ናት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

ማጣራቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አዋላጇ ነርስ ገና ፎቶውን ስታይ ሳቀች። «ይሄማ! ሚስቱ እያማጠች ጥበቃውን ሞተር ግዛኝ እያለ ሲያደክመው አይደል እንዴ የዋለው? አስር ሰዓት ላይ ራሴ ነኝ ዝም በል ብዬ ያስቀመጥኩት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልጅቷን አሳቀፍኩት።»

ፈጣኑን ለቀቁት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ዘወር አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ተናገረ። «ኢንስፔክተር፣ ያ ሰውዬ ከኔ ብቻ ሰባት ሞተር አይቷል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ያንኑ ሥሪት። ሌላ ሞተር ባሳየው ዞር ብሎም አያይ። ለምን ይመስልሻል?»

*

ማክሰኞ ጠዋት የሟቹን ክፍል አስከፈተች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ወንበር። አልጋው ላይ ግን ሁለት ትራስ አለ። የግድግዳው ፎቶግራፍ ውስጥ ጠይም፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ክንዷን በእሱ ክንድ ውስጥ አስገብታ ቆማለች።

ኢንስፔክተሯ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። ቁጥሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ስርዝ ድልዝ የለባቸውም። በየገጹ ላይ አንድ ዓመት በቀይ ተሰምሮበታል፤ ሁልጊዜ ያው ዓመት ነው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረው። በየገጹ ግርጌ ደግሞ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «አይደለም።»

አርባ ሁለት ጊዜ፣ አይደለም።

ደብተሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሞተር ሊገዛ የሚፈልግ ሰው «አይሆንም» ይላል፤ «ተወደደ» ይላል፤ «አርጅቷል» ይላል። «አይደለም» የሚለው ግን አንድ የሚያውቀውን ነገር የሚፈልግ ሰው ነው።

የቤቱ አከራይ አሮጊት ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«ልጄ፣ ቀባሪ አለው?»

«እያጣራን ነው እማማ። ባለቤቱ በምን ነበር ያረፈችው?»

«መንገድ ላይ ነዋ። ሞተር ገጭቷት ጥሏት ሄደ። አመሻሽ ላይ፣ ወደ ማታ ትምህርት ስትሄድ። የገጫት ሰው አልተያዘም።»

ሰኞ ዕለት መካኒኩ «ሚስቱ ታማ ነው የሞተችበት» ብሏት ነበር። ነገሩ ትንሽ ቆረቆራት፤ ግን ሰው ሐዘኑን ለወዳጁም ሸፍኖ ይናገር ይሆናል አለችና አሳለፈችው። እሷስ ስለ እናቷ ለማን ተናግራ ታውቃለች?

ከሰዓት በኋላ የጣቢያውን የድሮ መዝገቦች ክፍል አስከፍታ አቧራ ስትጠርግ ዋለች። መዝገቡ ሳስቶ ሳስቶ አራት ወረቀት ሆኗል። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ያለው አሮጌ ሥሪት ሞተር ብስክሌት። አሽከርካሪው ተሰውሯል። በቦታው የተገኘ፦ የተሰበረ የፊት መብራት መስታወት፣ አንድ የቀኝ ስፖኪዮ። ሰሌዳውን ያየ የለም። ከሥር የባልየው ፊርማ አለ። ከጀርባው ደግሞ የተለያዩ ተረኛ ፖሊሶች በተለያየ ቀለም የጻፉት ዝርዝር፦ «ባል መጥቶ ጠየቀ። አዲስ ነገር የለም።» ስምንት ዓመት፣ በየዓመቱ አንድ ጊዜ። ከዚያ መምጣቱን ትቷል።

መምጣቱን የተወበት ዓመትና ደብተሩ የጀመረበት ዓመት አንድ ነው።

ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ ሳታስበው ወደ ጋራዡ መራት። መካኒኩ የአንድ ታክሲ ፍሬን ፈትቶ ይሠራ ነበር። በርጩማ አቀረበላት፤ ሻይ ከፔርሙስ ቀዳላት። በርጩማው ላይ ጨርቅ የተሰፋበት ትራስ አለ።

«የሱ ነው?» አለች።

«የሱ ነው። ብረቱ ይቀዘቅዘኛል ሲል አሰፋሁለት።»

ብዙ አላወሩም። መፍቻው ብረት ሲነካ፣ ዘይት ሲንጠባጠብ እየሰማች ሻይዋን ጠጣች። እንዲህ ከሰው ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ከቀረባት ቆይቷል። ስትነሳ «በርቺ እህቴ፣ ታገኚዋለሽ» አላት፤ መንገዱን በሙሉ ይህንኑ እያሰበች ቤቷ ደረሰች።

*

ረቡዕ ጠዋት መስኮት ቁጥር አራት ፊት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ መዝገብ ያዧ አወቀቻት።

«ያ አረንጓዴ ሞተር፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረው ምርመራ ይገኛል?»

«ሰኞ የሰጠሁሽ አጭሩን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀውን። የድሮው በካርድ ነው፣ ምድር ቤት። እሱ ሁልጊዜ ረጅሙን ነው የሚጠይቀው።»

«ማን?»

«ግራጫ ኮት የሚለብሰው ሰውዬ። አንቺም ያንኑ ሞተር ስትጠይቂ ገርሞኝ ነበር።» ሴትዮዋ ድምፏን ቀነሰች። «ዓርብ አጭሩን ወሰደ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ረጅሙን ሊያይ መጣ። ካርዱን ሲያነብ ፊቱ ልክ አልነበረም። ወንበር አውጥቼ ውሃ ሰጠሁት። ‹አገኙት?› ስለው ‹አዎ፣ ግን ባላገኘሁት› አለኝ። ደህና ነው ግን?»

ኢንስፔክተሯ ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ፣ የሴትዮዋንም ዓይን አየች። «ካርዱን አሳዪኝ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ምድር ቤቱ በካርድ ሳጥን የተሞላ ነው። ሴትዮዋ ፍለጋ ሳያስፈልጋት አወጣችው፤ ከቅዳሜ ወዲህ ከላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን፣ ሞተሩ ለስም ማዛወሪያ ምርመራ ቀርቧል። «የፊት ጎማ መያዣ ብረት የተጣመመ። የፊት መብራት ሌላ ሥሪት የተገጠመ። የቀኝ ስፖኪዮ የለም። ወድቋል።» ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦ «ተስተካክሏል። አልፏል።» በሳምንቱ ተሸጧል፤ ከዚያ ከእጅ እጅ ሲዞር ኖሯል።

ከዚያ ዓይኗ ወደ ካርዱ ራስ ወጣ፤ የጊዜው ባለቤት ስም ወደተጻፈበት።

ስሙን ታውቀዋለች። ሰኞ ጠዋት በምስክርነት ቃል መቀበያው ቅጽ ላይ፣ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ጉድጓዴ ውስጥ ሰው ወድቋል ብሎ የደወለው ሰው ስም ነው።

ካርዱን ይዛ ምድር ቤት ውስጥ ቆመች። ሴትዮዋ «ውሃ ላምጣልሽ?» አለቻት።

*

ስም ብቻውን ነፍሰ ገዳይ አያደርግም። መካኒኩ «አዎ፣ የኔ ነበር፤ ቅዳሜ ግን ቤቴ ነበርኩ» ሊላት ይችላል። ስለዚህ ከጋራዡ በፊት ወደ ልብስ ሰፊዋ ገባች።

«ቅዳሜ ሠርግ ቤት ነበርሽ። እሁድስ?»

«እሁድ እዚህ ነበርኩ። የስፌት መኪናዬ መዘውር ተጣሞብኝ መካኒኩ ያቃናልኛል ብዬ ሦስት ሰዓት ላይ መጣሁ። ጋራዡ ተቆልፏል። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።»

«ገርበብ ብሎ አልነበረም? ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ?»

«ምን ገርበብ ይላል! ጓጉንቸሩን በእጄ ይዤ ነቀነቅኩት እኮ፤ ድርቅ ብሎ ተቆልፏል።»

«ለምን ሰኞ አልነገርሽኝም?»

«የጠየቅሽኝ ስለ ቅዳሜ ነዋ፣ እህቴ! ስለ እሁድ ማን ጠየቀኝ?»

ጓጉንቸሩ በውጭ በኩል ነው። አንዱ ቁልፍ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በሟቹ ኮት ኪስ ነበር። ሌላው ቁልፍ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

መንገዱን ተሻገረች። ሳጅኑን በሩ ላይ አቆመችውና ብቻዋን ገባች። መካኒኩ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ዓይኑ እጇ ላይ ወዳለው ቢጫ ካርድ ወረደ። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አልደነገጠም። ትራስ በሌለው በርጩማ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ረጅሙን አወጣሽ» አለ።

«ይንገሩኝ ጋሼ።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከሷ።»

«መንገዱ ጠመዝማዛ ነበር። ብርሃኑ ደብዝዟል። አየኋት ብዬ ልንገርሽ? ድምፁን ነው የሰማሁት። ቆምኩ፣ ወረድኩ፣ እጇ ተንቀሳቀሰ። ከታች መኪና ሲመጣ መብራቱን አየሁ። ሰው ያነሳታል አልኩና ሄድኩ። ሞተሩን በወር ውስጥ ሸጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሞተር ነድቼ አላውቅም።»

«እሱስ?»

«እሱ ከስምንት ዓመት በኋላ በዚህ በር ገባ። ‹ጥቁር አረንጓዴ፣ አሮጌ ሥሪት ሞተር አይተህ ታውቃለህ?› አለኝ። አሮጌ ሞተር ሰብሳቢ መስሎኝ ሻይ ሰጠሁት። ሲመላለስ ለመድኩት። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ስለ ሚስቱ ነገረኝ፤ ቀኑን፣ ቦታውን። በቁሜ ደረቅኩ።» በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «ከዚያ ቀን በኋላ ልነግረው አፌን ያልከፈትኩበት ቅዳሜ የለም። አፌን እከፍትና ‹ሻይ ልድገምልህ?› እለዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ። ሌላ ወዳጅ አልነበረውም። እኔም ከሱ ሌላ የለኝም።»

«ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«ልዘጋ ስል መጣ። ሳንቃዎቹን ገና አልመለስኩም ነበር። መነጽሩን አደረገ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ቆጣሪ እንደሚያነብ አድርጎ አነበበልኝ። ስሜ ላይ ሲደርስ ድምፁ አልተለወጠም። ከዚያ መነጽሩን አጥፎ እዚህ አስቀመጠ።»

«ተቆጣ?»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ አያት። «ቢቆጣማ! ቢመታኝ! ‹ና፣ አብረን ጣቢያ እንሂድ› አለኝ። ‹እኔ ከጎንህ እቆማለሁ፤ ብቻህን አልልክህም› አለኝ። ክንዴን ያዘ። ያ ነው ያቃጠለኝ። ልቀቀኝ ብዬ በሁለት እጄ ገፋሁት። ጉድጓዱ ከኋላው መሆኑን... አላውቅም። ያወቅኩ ይመስለኛል።»

«ከዚያ?»

«ጠራኝ። በስሜ። ‹እግሬ ተሰበረ መሰለኝ፣ እጅህን ስጠኝ› አለኝ። ደብተሩ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ገጹን ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ደብተሩን መልሼ ወደ ኮቱ ኪስ የከተትኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ያን ቀን ወጣሁና ቆለፍኩ። መቆለፉን እጄ ነው የሠራው፤ ሃያ አምስት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ሰኞ ወደ ራሴ ስመለስ ነው ጓጉንቸሩን ከፍቼ የሰቀልኩት።»

«ሁለት፣ ሦስት ሰዓት በሕይወት ነበር» አለች። ልትነግረው አላሰበችም፤ ከአፏ ወጣ።

«ያኔም... ሰው ያነሳታል ብዬ ነው የሄድኩት።»

«ቅዳሜስ ጋሼ? በቆለፉት ቤት ውስጥ ማን ያነሳዋል ብለው ነበር?»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። ከውጭ የልብስ ሰፊዋ መኪና ይንኳኳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነስቶ የሥራ ልብሱን አወለቀ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ካቴናው እንዲገባ እጆቹን አቀረበ። ሳጅኑ ሊይዘው ሲል ኢንስፔክተሯ «እኔ እወስደዋለሁ» አለች። ጣቢያው አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእግራቸው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አለና፣ አሁን የሰማ ይመስል፣ «ብቻህን አልልክህም አለኝ እኮ» አላት።

*

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ በዚያው ቀን ዘጋችው። የሁለቱንም ጉዳይ አጣምራ ስትጽፍ ሰባት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ሆስፒታሉ ደወለ፤ አስከሬኑን የሚረከብ ዘመድ ካልተገኘ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀብረዋል አሉ። ዘመድ ፈልጋ ነበር። አንድ የአጎት ልጅ ከሩቅ አገር ስልክ አንስቶ «መልካም ሰው ነበር» ብሎ ዘጋው።

ሐኪሙ፣ ሳጅኑ፣ አለቃዋ፣ ሁሉም «ጥሩ ሥራ ነው» አሏት። አመሰገነች። ከዚያ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ቃል የገባችላት አንዲት ሴት እንዳለች አስታወሰች።

መስኮት ቁጥር አራት ፊት ያለው ሰልፍ እስከ ደረጃው ወርዷል። ሰልፉን አልፋ ካርዱን በመስታወቱ ቀዳዳ አስገባች። መዝገብ ያዧ ተቀበለችው፤ ቀና ብላ ፊቷን አየችና እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«ሞቷል አይደል?»

«ቅዳሜ ዕለት። ከዚህ በወጣበት ቀን ከሰዓት።»

«ካርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ወርጄ ካርድ ሳመጣለት ሁልጊዜ ‹አደከምኩሽ› ይለኝ ነበር። እዚህ መስኮት ላይ እንዲህ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም።»

«አንቺ ምንም አላደረግሽም። የጠየቀውን ነው የሰጠሽው።»

«ማን ነው የሚቀብረው?»

«ማዘጋጃ ቤቱ። አስር ሰዓት ላይ።»

«ሌላስ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ሴትዮዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል። ተነስታ ከወንበሯ ጀርባ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሹራቧን እስከ ላይ ቆለፈች፣ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከታ ዘጋች። ከዚያ የመስኮቱን መጋረጃ አወረደችው።

ከውጭ ሰልፈኛው ተንጫጫ። አንዱ መስታወቱን አንኳኳ። «እትዬ! ኧረ እትዬ! ገና ሰዓት አልደረሰም እኮ!»

በጎን በር ወጣች። ለሰልፈኞቹ «ዘመድ ሞቶብኝ ነው» አለቻቸው፤ እነሱም መንገድ ለቀቁላቸው። ሁለቱ ሴቶች ደረጃውን ጎን ለጎን ወረዱ።